ሦስተኛው ቅያሪ የት ሄደ?

ገባኝ! ትናንት ማታ ምስር ስለቅም ቁጭ ብዬ ገባኝ። ከአሥር ዓመት በላይ እዚህ ደነባ፣ ኳስ በምናይበት ቤት፣ ከገበያ ስንመለስ በመንገድ ላይ፣ ለቅሶ ቤት እንኳ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን ስንከራከርበት የኖርነው ነገር በአንድ ሰፌድ ላይ ተፈታ። «አሰልጣኝ ሰውነት ቢሻው ሦስቱንም ቅያሪ ለምን ጨረሰ?» የሚለውን ማለቴ ነው። ደስታው እንቅልፍ ነሳኝ። አሁን ለሁላችሁም አንድ በአንድ ላሳያችሁ። ኳስ የማትወዱም ቅረቡ፤ እስከ ሰባት መቁጠር የሚችል ሰው ሁሉ ይገባዋል።

መጀመሪያ ለማያውቁት ልንገር። ቀኑ ጥር 21 ቀን 2005 ዓ.ም. ነው፤ አስተርእዮ ማርያም። ቦታው ደቡብ አፍሪካ፣ ሩስተንበርግ። ውድድሩ የአፍሪካ ዋንጫ። ብሔራዊ ቡድናችን ዋልያዎቹ ወደዚህ መድረክ ለመመለስ 31 ዓመት ፈጅቶባቸዋል። እኔ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አገሬን በአፍሪካ ዋንጫ ያየሁት በዚያ ጥር ነው፤ ከእናንተም ብዙዎቻችሁ እንደዚያው ናችሁ። የምድቡ የመጨረሻ ጨዋታ ነበር፤ ተጋጣሚያችን ናይጄሪያ።

እስከ 80ኛው ደቂቃ ባዶ ለባዶ ሄድን። ከናይጄሪያ ጋር፣ ባዶ ለባዶ! በ80ኛው ደቂቃ ግን ፍፁም ቅጣት ምት ተሰጠብን፤ ቪክተር ሞሰስ መታው፣ ገባ። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ሁለተኛ ፍፁም ቅጣት ምት ተሰጠብን፤ በዚህኛው በረኛችን ሲሳይ ባንጫ ቀይ ካርድ አይቶ ወጣ። ተጠባባቂ በረኛ አልነበረንም? ነበረን። ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ያያል። መግባት ግን አይችልም፤ አሰልጣኙ የተፈቀደላቸውን ሦስቱንም ቅያሪ ጨርሰዋልና። አማካይ ተጫዋቹ አዲስ ህንጻ የበረኛ ጓንት አጠለቀና መስመሩ ላይ ቆመ። በእግሩ ሲያገለግለን ያመሸ ልጅ በእጁ ሊያድነን ቆመ። ሞሰስ መታ፤ ሁለት ለባዶ።

እኛ የነበርንበት ቤት ሰው ሁሉ ከመቀመጫው ተነሣ። «አንዱን ቢያስቀር ምን ነበረበት!» ያላለ አልነበረም። እኔም ብያለሁ፤ ከሁሉም በላይ የጮኽኩት እኔ ሳልሆን አልቀርም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ክርክሩ ቆሞ አያውቅም።

ቅያሪ ማለት ምን እንደሆነ ለማያውቅ በእኛው ነገር ላስረዳ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያረስክበት በሬ ሲደክም ፈትተህ ሌላ ትጠምዳለህ። ኳስም እንደዚያው ነው፤ የደከመ ይወጣል፣ ያረፈ ይገባል። ልዩነቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ በዚያን ጊዜ የሚፈቀደው መለወጫ ሦስት ብቻ ነበር። ሁለተኛ ደግሞ ዋናው ነገር ይኸውላችሁ፦ የተፈታ በሬ በዚያ ቀን ዳግም አይጠመድም። የወጣ ወጣ። ስለዚህ እያንዳንዱ ቅያሪ እንደ ገንዘብ ነው፤ ካወጣኸው አይመለስም።

ቡድን ደግሞ ያለ በረኛ መቆም አይችልም። በረኛው በቀይ ካርድ ከወጣና ቅያሪ ካለህ፣ ከሜዳ ላይ አንዱን ተጫዋች አስወጥተህ በእሱ ቦታ በረኛ ታስገባለህ። ቅያሪ ከሌለህ ሜዳ ላይ ካሉት አንዱ ጓንት ያጠልቃል። በሁለቱም መንገድ የምትቀረው በአሥር ሰው ነው። ይህን አንርሳ፤ በኋላ እንፈልገዋለን።

ክርክሩን ያባባሰው ከዚያ በፊት በስምንተኛው ቀን የሆነው ነገር ነው። ጥር 13 ኔልስፕሩት ላይ ከዛምቢያ ጋር ተጫወትን፤ ዛምቢያ ያን ጊዜ ዋንጫውን የያዘች ሻምፒዮን ነበረች። (እግረ መንገዴን፦ በ1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፈን ዋንጫውን ያነሣንበት ቀንም ጥር 13 ነው! ቀኑ ተጠብቆ የተመለስን ይመስላል፤ ይህን ባሰብኩ ቁጥር ሰውነቴን ውርር ያደርገኛል።) በዛምቢያው ጨዋታ ሳላዲን ሰኢድ ፍፁም ቅጣት ምት ሳተ፤ ብዙም ሳይቆይ፣ ገና ከእረፍት በፊት፣ በረኛው ጀማል ጣሰው ቀይ ካርድ አየ። ያን ጊዜ ቅያሪ ስለነበረ ተጠባባቂው በረኛ ጓንቱን አጥልቆ ገባ። በአሥር ሰው ቆየን፤ ጎልም ገባብን። ቢሆንም ከእረፍት መልስ አዳነ ግርማ አገባና 1 ለ 1 ወጣን። ያን ምሽት ደነባ ውስጥ የነበረውን ጭፈራ የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ።

ስለዚህ በስምንት ቀን ልዩነት ያው ዱላ ሁለት ጊዜ መታን። አንዴ ቅያሪ ነበረን፤ አንዴ አልነበረንም። ቅያሪ የነበረን ቀን አቻ ወጣን፤ ያልነበረን ቀን ተሸነፍን። ከዚህ በላይ ማስረጃ ምን አለ? እኛ «ዘሩን በላ» አልን። ደነባ ላይ ለገበሬ ከዚህ የከፋ ስድብ እንደሌለ ታውቃላችሁ። ቤት ውስጥ ምንም ቢጠፋ ለዘር የተቀመጠው ምስር አይነካም። ሦስተኛው ቅያሪ ዘር ነው፤ ዘሩን የበላ አሰልጣኝ ሲቸግረው የሚዘራው ያጣል። ክርክራችን ይህ ነበር፤ ጠንካራም ይመስለኝ ነበር።

በዚያ ምሽት ከኋላ የተቀመጡ አንድ ጋሼ ብቻ አልጮሁም። «ልጆች፣ ነጥቡን ቆጥራችኋል?» አሉን። ማንም አልመለሰላቸውም። ጥያቄያቸው ግን የሆነ ቦታ ውስጤ ተቀምጦ ኖሮ፣ ትናንት ማታ ምስሩን ስለቅም ብቅ አለ። እስቲ ልቁጠር አልኩ።

ሰፌዱን አራት ቦታ ከፈልኩት። ቡርኪና ፋሶ፣ ናይጄሪያ፣ ዛምቢያ፣ ኢትዮጵያ። ያሸነፈ ሦስት ፍሬ ምስር ይወስዳል፤ አቻ የወጣ አንድ፤ የተሸነፈ ምንም። ከአራቱ ሁለቱ ያልፋሉ፣ ሁለቱ ወደ ቤት ይሄዳሉ። የጥር 21 ጨዋታ ሊጀመር ሲል ያለውን ደረደርኩ። ቡርኪና ፋሶ አራት ፍሬ። ናይጄሪያ ሁለት፣ ዛምቢያ ሁለት። እኛ አንድ ፍሬ፤ ያችው ከዛምቢያ ያገኘናት። ከቡርኪና ፋሶ ጋር ጥር 17 ቀን 4 ለ 0 ስለተሸነፍን ከዚያ ምንም አላገኘንም።

አሁን በእጃችሁ እያደረጋችሁ ተከተሉኝ። ባዶ ለባዶ ቢያልቅ ምን ይሆናል? ለእኛ አንድ ፍሬ ጨመርኩ፦ ሁለት። ለናይጄሪያ አንድ ጨመርኩ፦ ሦስት። ቡርኪና ፋሶ ምንም ሳይጨመርላት አራት ይዛለች። ሁለት ቡድን ከላያችን አለ። የሚያልፉት ሁለት ናቸው። እኛ ወጥተናል!

እጄ ሰፌዱ ላይ ደርቆ ቀረ። ደግሜ ቆጠርኩ። ያው ነው። እኛ እስከ 80ኛው ደቂቃ «ኧረ ይቆይልን፣ ባዶ ለባዶ ይለቅልን» እያልን ስንጸልይ የነበረው ውጤት ሻንጣ የሚያስዘጋን ውጤት ነበር። በዚያ ምሽት ለኢትዮጵያ አቻ መውጣትና አምስት ለባዶ መሸነፍ አንድ ዓይነት ነገር ነበሩ። ወይ ጉድ! ያን ሁሉ ዓመት ይህን አላየሁም።

ብናሸንፍስ? ለእኛ ሦስት ፍሬ፦ አራት ሆንን። ናይጄሪያ በሁለት ቀረች። ቀሪው በዚያው ሰዓት ኔልስፕሩት ላይ ቡርኪና ፋሶና ዛምቢያ በሚጫወቱት ላይ ይንጠለጠላል። ቡርኪና ፋሶ ካሸነፈች ሰባት ትሆናለች፣ ዛምቢያ በሁለት ትቀራለች፤ እኛ ሁለተኛ ሆነን እናልፋለን። አቻ ከወጡ ቡርኪና ፋሶ አምስት፣ ዛምቢያ ሦስት፤ እኛ በአራት መሐል ላይ፣ አሁንም እናልፋለን! ዛምቢያ ካሸነፈች ብቻ ነው የምንቀረው፤ ዛምቢያ አምስት ሆና እኛና ቡርኪና ፋሶ በአራት አራት እኩል እንሆንና እርስ በርስ በተጫወትነው ስለምንለይ ያ 4 ለ 0 ይጥለናል።

እና ኔልስፕሩት ላይ ምን ሆነ? ባዶ ለባዶ አለቀ።

ይህን ስደርስበት ብድግ አልኩ፤ ምስሩም ተበተነ። አንድ ጎል! ባዶ ለባዶ ሳለን አንዲት ጎል ብቻ አግብተን ብንጠብቃት ኖሮ ሩብ ፍጻሜ ገብተን ነበር፤ የምንገጥመውም አይቮሪ ኮስትን ነበር። ናይጄሪያ ደግሞ በሁለት ነጥብ ወደ ቤቷ። ያቺ ናይጄሪያ የካቲት 3 ቀን ቡርኪና ፋሶን 1 ለ 0 አሸንፋ ዋንጫውን ያነሣችው ናይጄሪያ ናት! የዚያ ዓመት የአፍሪካ ሻምፒዮን እስከ 80ኛው ደቂቃ ከመባረር የራቀችው በአንድ ጎል ብቻ ነበር። ያቺን ጎል ማግባት ደግሞ የእኛ ሥራ ነበር።

አሁን ወደ ዘሩ እንመለስ። ገበሬ ዘር ለምን ያስቀምጣል? የሚመጣ ክረምት ስላለ ነው። ክረምት እንደሚመጣ ባያውቅ አንድ ፍሬ አያስቀምጥም ነበር። ጥር 13 ከዛምቢያ ጋር ስንጫወት የሚመጣ ክረምት ነበረ፤ ሁለት ጨዋታ ይቀራል፤ አቻ ማለት አንድ ፍሬ ማለት ነው፤ ያችን ፍሬ ማዳን ዋጋ አለው። ጥር 21 ግን የሚመጣ ክረምት የለም። በዚያች ምሽት ካልበቀለ፣ መቼም አይበቅልም። ያኔ ዘር ማስቀመጥ ጥንቃቄ አይደለም፤ ጎተራ ውስጥ ማበስበስ ነው። ሦስተኛው ቅያሪ መዘራት የነበረበት ያን ምሽት፣ እዚያው ሜዳ ላይ ነው።

«እሺ፣ ግን አንዱን ማስቀረቱ ምን ይጎዳ ነበር?» ብላችሁ ትጠይቁኛላችሁ፤ ራሴን ጠይቄዋለሁ። መልሱ እንዲህ ነው። የተቀመጠ ቅያሪ በነጻ አይቀመጥም። እሱን ስታስቀምጥ አንድ የደከመ ሰው ሜዳ ላይ ትተዋለህ። ጎል የግድ በሚያስፈልግበት ሰዓት አንድ እግሩ የከበደ ተጫዋች ይዘህ መሮጥ ታላቅ ዋጋ ነው፤ ያ ዋጋ በየደቂቃው ይከፈላል። በዚያኛው ወገን ያለው ደግሞ በረኛ በመጨረሻው ደቂቃ በቀይ ካርድ ሊወጣ ይችላል የሚል ስጋት ነው። ስንቴ አይታችኋል? ከስንት መቶ ጨዋታ አንዴ። እርግጡን ድካም ትተህ ለማይመጣ እንግዳ አልጋ ስታነጥፍ ማምሸት ነው።

እንግዳው ግን ያን ምሽት መጣ። መጣና ምን ወሰደ? ይኸኛው ደግሞ ከሁሉም በላይ ያስደነገጠኝ ነው። እስቲ እንስጣቸው፤ አሰልጣኙ አንድ ቅያሪ አስቀርተው ነበር እንበል። በ90ኛው ደቂቃ ገደማ ሲሳይ ይወጣል። አንድ ተጫዋች ወጥቶ ትክክለኛው በረኛ ይገባል። ደግሞም እንጨምርላቸው፤ በረኛው የሞሰስን ኳስ ይዞ ያስቀራል! ቤቱ ሁሉ ይጨፍራል። ከዚያስ? ውጤቱ 1 ለ 0 ነው። እኛ አሥር ነን። ለማለፍ ሁለት ጎል ያስፈልገናል፤ የቀረው ሰዓት ደግሞ ፊሽካ እስኪነፋ ብቻ ነው። ሰፌዱ ላይ ያለን አንድ ፍሬ፤ ያው አንድ ፍሬ ነው። 1 ለ 0 ተሸንፈን እንወጣለን ወይስ 2 ለ 0፤ ልዩነቱ ይኸው ነው።

ከአሥር ዓመት በላይ የተናደድንበት ስሕተት ዋጋው ዜሮ ፍሬ ምስር ነበር። ዜሮ! አንዲት ፍሬ እንኳ ከቦታዋ አላንቀሳቀሰም። አዲስ ህንጻ ጓንት አጥልቆ መቆሙ ዓይናችን ውስጥ ስለቀረ ነው እንጂ የተሸነፍነው እዚያ ላይ አይደለም። ዓይን የሚይዘውና ሒሳቡ የሚለው የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን እንደዚህ በግልጽ አይቼ አላውቅም።

እዚህ ጋ ደርሼ ብተወው ግን ሌላ ስሕተት እሠራለሁ። «እንግዲያው ቅያሪ ማስቀመጥ ሞኝነት ነው» የሚል ሰው ሊወጣ ይችላል። አይደለም! ዘሩ ወርቅ የሚሆንበት ቀን አለ። እሱንም አብረን አይተነዋል፤ ሰኔ 28 ቀን 2006 ዓ.ም.፣ የብራዚሉ የዓለም ዋንጫ፣ ሆላንድና ኮስታሪካ።

እዚህ ላይ ሌላ ሕግ ማወቅ አለባችሁ፤ እሱም ግሩም ነው። በጥሎ ማለፍ ጨዋታው በ90 ደቂቃ ካልተለየ 30 ደቂቃ ይጨመራል። በዚያም ካልተለየ የመለያ ምት ይመጣል፤ ከየቡድኑ አምስት አምስት ሰው እየወጣ ይመታል፤ በአምስቱ ካልተለየም ይቀጥላል። የሚመቱት እነማን ናቸው? የ120ው ደቂቃ ፊሽካ ሲነፋ ሜዳ ላይ የተገኙት ብቻ! ወንበር ላይ ያለ ሁሉ ተመልካች ሆነ። ከእኛ መናኸሪያ ማታ የሚወጣውን የመጨረሻ መኪና አስቡት። ረዳቱ በሩን ሲዘጋ ውስጥ ያለ ይሄዳል፤ ውጭ ያለ ሺህ ብር ቢያወጣ ያድራል። በረኛም እንዲሁ ነው፤ ካልተጎዳ በቀር በሩ ከተዘጋ በኋላ አይቀየርም። ለዚህ ነው አሰልጣኞች በ119ኛውና በ120ኛው ደቂቃ ላይ ሰው ለማስገባት የሚራወጡት። ኳሱ ከሜዳ ካልወጣ ወይም ጨዋታው ካልቆመ ደግሞ ማስገባት አይቻልም። ተቀያሪው መስመሩ ላይ ቆሞ «ኳሷ ትውጣልኝ» እያለ ሲጠብቅ አይታችሁ አታውቁም? እኔ ዝም ብሎ የቆመ ይመስለኝ ነበር። በሩ ሊዘጋበት ስለሆነ ነው!

የሆላንዱ አሰልጣኝ ሉዊ ቫን ኻል 120ው ደቂቃ እስኪያልፍ አንድ ቅያሪ ይዘው ቆዩ። ደቂቃው ሞልቶ ጭማሪው ላይ እያሉ በረኛቸውን ያስፐር ሲለሰንን አስወጥተው ቲም ክሩልን አስገቡ። ክሩል ያን ሁሉ ሰዓት ላብ አልወጣውም፤ ቁመቱም እጁም ረጅም። አስቀድሞ ተነግሮት ነበር፤ ሲለሰን ግን ልቡ እንዳይከፈል አልተነገረውም። ክሩል ሁለት ምት መለሰ፤ ሆላንድ 4 ለ 3 አለፈች። ዓለም ሁሉ «ሊቅ!» አለ።

በአራተኛው ቀን፣ ሐምሌ 2፣ ያው ቡድን ከአርጀንቲና ጋር በግማሽ ፍጻሜ ባዶ ለባዶ ሆኖ ወደ መለያ ምት ሄደ። ክሩል የት ነበር? ወንበር ላይ። ቅያሪ አልቆ ነበር። ቫን ኻል ሦስተኛውን በተጨማሪው ሰዓት መጀመሪያ ላይ ሮቢን ቫን ፐርሲን በክላስ ያን ሁንቴላር ለመለወጥ አውጥተውታል። ሲለሰን ቆመ፤ አንድም አልመለሰም፤ አርጀንቲና 4 ለ 2 አለፈች። ያው ሰው፣ ያው ውድድር፣ ያው ሦስት ቅያሪ! እዚህ ላይ ከእኛው ሰውነት ቢሻው ጋር ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። ለሆላንድ አቻ መውጣት ሞት አልነበረም፤ በአቻ በኩል የሚያሳልፍ በር ነበራቸው፤ ስለዚህ ለበሩ የሚሆን ዘር ማስቀመጥ ትርጉም ነበረው። ለእኛ ሩስተንበርግ ላይ በአቻ በኩል በር አልነበረም። ግድግዳ ነበር።

ዘር ማስቀመጡ ብቻ ግን አይበቃም፤ መቼ ይዘራል የሚለውም አለ። የእኛን ምስር ታውቁታላችሁ። ክረምቱ ገና ሳለ ብትዘራው ዋልካው ውሃ ይዞ ያበሰብሰዋል። አዘግይተህ ብትዘራው ደግሞ እርጥበቱ ሸሽቶ ይጠብቅሃል። መሐል ላይ አንዲት ጠባብ ጊዜ አለች። ይህን ሳስብ ሐምሌ 4 ቀን 2013 ዓ.ም. ትዝ አለኝ፤ የአውሮፓ ዋንጫ ፍጻሜ፣ ጣሊያንና እንግሊዝ፣ ዌምብሌይ። የእንግሊዙ አሰልጣኝ ጋሬት ሳውዝጌት ማርከስ ራሽፎርድንና ጄደን ሳንቾን ያስገቧቸው በ120ኛው ደቂቃ ነው፤ በሩ ሊዘጋ ሲል። ለመለያ ምት ብለው። ራሽፎርድ ቋሚውን መታ። የሳንቾን የጣሊያኑ በረኛ ዶናሩማ መለሰው። አምስተኛው የ19 ዓመቱ ቡካዮ ሳካ ነበር፤ የእሱንም መለሰው። ጣሊያን 3 ለ 2። ከእኛ መሐል ያሉት የአርሰናል ደጋፊዎች ለሳካ ሲያለቅሱ አይቻለሁ።

እኔ እዚህ ላይ ፍርዴ ይለያል። ሳውዝጌት ዘሩን ማስቀመጣቸው ልክ ነበር፤ በር ስለነበረ። የዘሩበት ሰዓት ግን አለፈ ባይ ነኝ። ሁለቱ ልጆች ኳስ እንኳ በደንብ ሳይነኩ፣ እግራቸው ሳይሞቅ፣ የአገር ሸክም ተሸክመው ሄዱ። በረኛ ሌላ ነው፤ ለበረኛ መጠበቅ ሥራው ነው። መቺ ግን ከኳሷ ጋር መተዋወቅ አለበት። አሥር ደቂቃ ቀድመው ቢገቡ ኖሮ ቢያንስ እግራቸው ይሞቅ ነበር ብዬ አምናለሁ።

«አየህ፣ ስለሳቱ ነው እንዲህ የምትለው» የሚል ካለ ጥሩ ጥያቄ ነው። ስለዚህ ነገር ያን ጊዜ የቼልሲ አሰልጣኝ የነበሩት ቶማስ ቱኸል ያስተማሩኝ አለ። ነሐሴ 5 ቀን 2013 ዓ.ም. ከቪያሪያል ጋር በአውሮፓ ሱፐር ካፕ፣ ሊያልቅ ሲል በረኛቸውን ኤዱዋርድ ሜንዲን አስወጥተው ኬፓን አስገቡ፤ ኬፓ ሁለት መለሰ፣ ዋንጫ። የካቲት 20 ቀን 2014 ዓ.ም. ከሊቨርፑል ጋር በሊግ ካፕ ፍጻሜ፣ ሊያልቅ ሲል ያንኑ ሜንዲ አስወጥተው ያንኑ ኬፓ አስገቡ። አሥራ አንድ ምት ተመታበት፤ አንድም አልመለሰም። ከዚያ ራሱ መታና ከላይ ሰደደው፤ ሊቨርፑል 11 ለ 10። ውሳኔው ቅንጣት ታህል አልተለወጠም! በሰባት ወር ውስጥ ግን አንዴ «ሊቅ»፣ አንዴ «እብድ» ተባሉ። ውሳኔው ልክ ከነበረ ሁለቴም ልክ ነው፤ ስሕተት ከነበረም ሁለቴም ስሕተት ነው። ዘሪው በጊዜው፣ በትክክለኛው መሬት ላይ ዘርቶ በረዶ ቢመታበት «መዝራት አልነበረብህም» አንለውም።

ለዚህ ነው የሳውዝጌትን ጉዳይ ኳሱ ገባ አልገባ ሳልል በሰዓቱ የምፈርደው። የሰውነት ቢሻውንም እንዲሁ። ሦስተኛውን ቅያሪ ባወጡበት ደቂቃ ያውቁት የነበረው ምን ነበር? አቻ እንደማያሳልፍ ያውቃሉ። ጎል እንደሚያስፈልግ ያውቃሉ። በረኛቸው በመጨረሻዋ ደቂቃ ቀይ ካርድ እንደሚያይ ማን ይነግራቸዋል?

ዛሬ ሕጉ ተለውጧል፤ ይህን ሳታውቁ እንዳትከራከሩ። በኮሮና ዘመን በ2012 ዓ.ም. ለጊዜው ተብሎ አምስት ቅያሪ ተፈቀደ፤ በ2014 ዓ.ም. ቋሚ ሆነ። ጨዋታው ተጨማሪ ሰዓት ከሄደ በብዙ ውድድሮች አንድ ይጨመራል። ቫን ኻል ያን ሐምሌ ይህን ቢያገኙ ክሩል ወንበር ላይ አይቀርም ነበር። ቢሆንም አንድ ወጥመድ አለበት፦ አምስቱን ሰው የምታስገባው ጨዋታውን ሦስት ጊዜ ብቻ አስቁመህ ነው፤ የእረፍት ሰዓት አይቆጠርም። አንድ አንድ እያልክ ሦስት ጊዜ ከቀየርክ፣ ሁለት ሰው ተርፎህም በሩ ይዘጋብሃል! ብርህ ኪስህ ውስጥ እያለ ሱቁ ተዘጋ ማለት ነው። ስለዚህ አሁን የሚቆጠረው ሰው ብቻ አይደለም፤ በሩ የተከፈተበትም ጊዜ ነው። ባለፈው ሳምንት ያየነው ቡድን በ70ኛው ደቂቃ ሦስት ሰው በአንዴ ያስገባው ለዚህ ነው፤ እናንተ «ቡድኑን አፈረሰው» ስትሉ ነበር።

እኔ ከአሥር ዓመት በላይ የተከራከርኩበትን ወገን ትቼ ወጥቻለሁ። ጥር 21 ቀን 2005 ዓ.ም. ሩስተንበርግ ላይ አሰልጣኝ ሰውነት ቢሻው ሦስተኛውን ቅያሪ ማውጣታቸው ትክክል ነበር። ለጋሼም ዛሬ ጠዋት ሄጄ ነግሬያቸዋለሁ። የማይስማማ ካለ እሑድ ከጨዋታው በፊት ቀደም ብሎ ይምጣ፤ ሰፌዱም ምስሩም እኔ ጋ አለ፣ ከመጀመሪያዋ ፍሬ ጀምረን አብረን እንቆጥራለን።